«ነጭ ደም አነሰ» ሲባል ልጁ ታሟል ማለት ነውን?

ከማኅበራዊ ሠራተኛዋ ማስታወሻ



ባለፈው ዕትም ስለ ቤት ኪራይ ውል ተነጋግረን ነበር። በዚህኛው ደግሞ ከኩፓት ሆሊም ስለሚመጣ አንድ ወረቀት እንነጋገራለን። ወረቀቱ የደም ምርመራ ውጤት ነው። በእኛ ቤተሰቦች ዘንድ ደጋግሞ ስለሚያጋጥምና ባጋጠመ ቁጥርም እንቅልፍ ስለሚነሳ ሰፋ አድርጌ ላስረዳው አስቤያለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እዚህ አገር በሚሠራበት አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን የአንድ ጋን አስተማሪ ስልክ ደወለችልኝና አንድ የአራት ዓመት ልጅ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዳልመጣ፣ ወደ ቤቱ ስትደውልም በዕብራይስጥ የሚመልስላት ሰው እንዳላገኘች ነገረችኝ። በማግሥቱ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ቤተሰቡ ከጎንደር ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም። እናትየዋ በሩን ስትከፍትልኝ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ልጁ ግን ምንጣፉ ላይ መኪናውን እየነዳ ይጫወታል፤ እንኳን ሊታመም የደከመውም አይመስልም። (ቤተሰቡን የሚያሳውቀውን ሁሉ ለውጬ ጽፌዋለሁ፤ እናትየዋም ለሌሎች ትምህርት ይሁን ብላ ፈቅዳልኛለች።)

ቡና ከተፈላ በኋላ አንድ በጥንቃቄ የታጠፈ ወረቀት አወጡልኝ። ሐኪሟ የጻፈችው ነው። ወረቀቱን ለቤተሰቡ ያነበበችው ሦስተኛ ክፍል የምትማረው ታላቅ እህቱ ናት። ልጅቱ ጎበዝ ናት፤ ነገር ግን ወረቀቱ ላይ ጊሜልና ኑን ተጽፎ ስታገኝ «ጋን» ብላ አነበበችው። እንደምታውቁት ዕብራይስጥ ያለ ነቁጥ ሲጻፍ «ጋን» የሚለውና «ጌን» የሚለው ቃል አንድ ዓይነት ናቸው። ከቃሉ ቀጥሎ «ዳፊ» የሚል ስም ነበረ። እሷም «ልጁ ወደ ጋን ዳፊ ይሂድ ይላል» ብላ ተረጎመችላቸው። ቤተሰቡም ልጃችን ከጓደኞቹ ተለይቶ ዳፊ ወደሚባል የበሽተኞች ጋን ሊዛወር ነው ብሎ ደመደመ፤ እስኪጠሩትም ድረስ እቤት አስቀመጠው።

በዚህ አላበቃም። አንድ ዘመዳቸው በስልክ «ነገሩስ የጂን ነው የሚሉት» አላቸው። አያትየው ይህን ሲሰሙ «ጅን ያዘው?» ብለው ደረታቸውን ደቁ። ሴት አያት እንዲህ ሲሉ እናት ደግሞ «ደም አንሶታል» የሚለውን ይዛ ጠዋት ማታ ቀይ ሥርና የጤፍ ገንፎ ስታበላው ከርማለች። ወንድ አያትየው በዝምታ ከቆዩ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ እንደዚያን ጊዜው ደማችንን ደግሞ ሊጥሉት ነው?»

ወደዚህ ጥያቄ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ወረቀቱ በእርግጥ ምን እንደሚል እንይ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር

ደማችን ውስጥ ቀይ ሕዋሳትና ነጭ ሕዋሳት አሉ። ቀዮቹ ከሳንባ አየር ተሸክመው ለሰውነት ያዳርሳሉ። እኛ «ደም ማነስ» የምንለው በአብዛኛው የእነዚህን ወይም በውስጣቸው ያለውን የብረት ጉድለት ነው። ለዚህ ምግብና ሐኪም ያዘዘው የብረት መድኃኒት ይረዳል። ነጮቹ ግን ሌላ ሥራ አላቸው፤ ዘበኞች ናቸው። ከመካከላቸው ኔውትሮፊል የሚባሉት ባክቴርያ ወደ ሰውነት ሲገባ ቀድመው የሚደርሱ ናቸው። የሚሠሩት አጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ሲሆን ደም ውስጥ የሚቆዩት ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ ከዚያ ወደ ሥጋና ወደ ልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች ይሠማራሉ።

በሐኪሞች ልማድ አንድ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደሙ ውስጥ ከ1500 ያነሱ ኔውትሮፊሎች ሲገኙበት ሁኔታው ኔውትሮፔኒያ ይባላል። እዚህ አገር ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ በሺህ ስለሚጻፍ 1500 የሚለው «1.5» ሆኖ ይታያል። የዚያ ልጅ 1.1 ነበር፤ ይህም 1100 ማለት ነው። የላቦራቶሪው መሣሪያም አጠገቡ ምልክት አደረገበት። እንግዲህ ያ ምልክት ነው ቤተሰቡን ሁለት ሳምንት ያስለቀሰው።

ነገር ግን ልብ በሉ። መሣሪያው የሚያውቀው አንድ ልክ ብቻ ነው። ልኩ የተቀመጠው በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ደም ተቆጥሮ ነው። የየመን አይሁዶች፣ የቤተ እስራኤል ልጆች፣ የኔጌቭ ጥቁር በደዊኖች፣ የምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያንና ሌሎችም ብዙ ሕዝቦች ሲመረመሩ፣ ከመካከላቸው ብዙ ጤነኛ ሰዎች ከዚያ ልክ በታች ይገኛሉ። በእስራኤል ሐኪሞች በየመን አይሁዶች ላይ ይህን አይተው መጻፍ ከጀመሩ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ሰዎቹ ከሌላው የበለጠ አይታመሙም፤ ቁስላቸውም እንደማንኛውም ሰው ይድናል። ለምን እንዲህ ሆነ የሚለው ግን ለረጅም ጊዜ አይታወቅም ነበር። መልሱ የተገኘው አንድ ትንሽ «ማብሪያ» ላይ ነው።

ማብሪያውን የሚጫነው ሠራተኛ

ጂን ማለት፣ እማማ እንደፈሩት፣ የሚይዝ መንፈስ አይደለም። ከእናትና ከአባት የምንወርሰው በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ የተጻፈ የሥራ መመሪያ ነው። አንዱ ጂን አንድ ዓይነት ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ ይናገራል። መመሪያው የተጻፈው በአራት ፊደሎች ብቻ ነው፤ እነርሱም ኤ፣ ቲ፣ ሲ እና ጂ ይባላሉ።

አሁን አንድ ጥያቄ ይነሳል። የዓይን ሕዋስም፣ የጉበት ሕዋስም፣ የደም ሥሪት ሕዋስም በውስጡ የያዘው ያንኑ ሙሉ መመሪያ ከሆነ፣ ለምን ዓይን ዓይን፣ ጉበትም ጉበት ይሆናል? ምክንያቱ በየክፍሉ የሚበራው ጂን የተለያየ መሆኑ ነው። ትልቅ ቤት አስቡ። በየክፍሉ አንድ ዓይነት መብራቶች ሁሉ ተዘርግተዋል፤ ነገር ግን በየክፍሉ የትኛው እንደሚበራ የሚወስን ሠራተኛ አለ። እነዚህ ሠራተኞች ራሳቸው በጂን የሚሠሩ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ሥራቸውም ሌሎች ጂኖችን ማብራትና ማጥፋት ነው።

ደም በሚሠራበት ክፍል፣ ማለትም በመቅኔ ውስጥ፣ ከዋናዎቹ ሠራተኞች አንዱ ጋታ-1 ይባላል። የእሱ ጂን ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። ጂኑን ተመራማሪዎች ለይተው ያወጡት በ1989 ነው። ስሙ የመጣው ከሚፈልገው ምልክት ነው፤ ጋታ-1 በመመሪያው ላይ ሲሄድ «ጂ-ኤ-ቲ-ኤ» የሚሉ አራት ፊደሎች ሲያገኝ እዚያ ይቀመጥና በአጠገቡ ያለውን ጂን ያበራል። ቀይ ደም ቀይ የሚሆንበትን ሄሞግሎቢን የሚሠሩትን ጂኖች የሚያበራ እሱ ነው። ጋታ-1 ራሱ ሲበላሽ ነገሩ ከባድ ነው። በ2000 የጋታ-1 ብልሽት ያለበት ቤተሰብ ተገኝቶ ከባድ ደም ማነስና ደም የሚያረጉ ሕዋሳት ጉድለት እንደሚያመጣ ታወቀ። ይህ ግን እጅግ ጥቂት ሰዎችን የሚያገኝ በሽታ ነው፤ የእኛ ነገር ይህ አይደለም። በእኛ ዘንድ ሠራተኛው ደኅና ነው። የተለወጠው በአንድ ማብሪያ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው።

«ክፈት» እና «ክፈል»

ያ ማብሪያ የዳፊ ጂን ማብሪያ ነው። ዳፊ የጋን ስም አይደለም፤ የሰው ስም ነው። በ1950 በእንግሊዝ አገር ደም አልረጋ የሚለው አንድ ሕመምተኛ ነበር። ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ደም ስለተሰጠው ሰውነቱ በተሰጠው ደም ላይ ያለ አንድ ነገር እንደ ባዕድ ቆጥሮ መዋጋት ጀመረ። ሐኪሞቹ ያን ነገር በሕመምተኛው ስም ዳፊ ብለው ጠሩት። በቀይ ሕዋስ ቆዳ ላይ የሚቀመጥ ፕሮቲን ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1955፣ ከአፍሪካ የመጡ ብዙ ሰዎች ቀይ ሕዋሳት ላይ ይህ ዳፊ ጭራሽ እንደሌለ ታወቀ።

ለምን እንደሌለ የታወቀው በ1995 ነው። በፈረንሣይ አገር ያሉ ተመራማሪዎች የዳፊን ጂን ሲያነቡ ጂኑ ራሱ ደኅና ሆኖ አገኙት። ነገር ግን ከጂኑ ፊት ለፊት፣ ጋታ-1 የሚቀመጥበት ቦታ ላይ፣ «ጂ-ኤ-ቲ-ኤ» መሆን የነበረበት «ጂ-ጂ-ቲ-ኤ» ሆኗል። አንድ ፊደል ብቻ ነው የተለወጠው። በእኛ ፊደል ብናስበው በበሩ ላይ «ክፈት» ተብሎ መጻፍ ሲገባው «ክፈል» ተብሎ እንደተጻፈ ነው። ሠራተኛው መጥቶ ያነባል፤ የሚያውቀው ትእዛዝ ስላልሆነ አልፎ ይሄዳል፤ መብራቱም በዚያ ክፍል ሳይበራ ይቀራል። በሌሎች ክፍሎች፣ ለምሳሌ በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ፣ ይኸው ዳፊ በሌሎች ሠራተኞች ስለሚበራ እንደ ወትሮው አለ። የጠፋው ከቀይ ሕዋሳት ላይ ብቻ ነው።

በ2009 ዴቪድ ራይክና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ባደረጉት ጥናት፣ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች የኔውትሮፊል ቁጥር ዝቅ የሚልበት ምክንያት ይህችው የአንድ ፊደል ለውጥ መሆኗን አረጋገጡ። አንዲቷ ፊደል ከቀይ ሕዋስ ላይ ዳፊን ስታጠፋ ደም ውስጥ የሚታዩትን ነጭ ሕዋሳትም ታሳንሳለች። እንዴት? በ2017 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ መቅኔ ውስጥ ያሉ ገና ያልበሰሉ ቀይ ሕዋሳት ላይ ዳፊ ሳይኖር ሲቀር፣ ተሠርተው የሚወጡት ኔውትሮፊሎች ጠባይ ይለወጣል፤ ከደም ፈጥነው እየወጡ ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ይሄዳሉ። ስለዚህ የደም ናሙና ሲወሰድ ጥቂት ይቆጠራሉ። ዘበኛው ከሥራ አልቀረም፤ በሩ ላይ ከመቆም ይልቅ ሰፈሩን እየዞረ ነው።

ለምን ይህች ፊደል በአፍሪካ ተስፋፋች የሚለውን ቆላ ወርደው የሚያውቁ አባቶች በቀላሉ ይረዱታል። በ1976 ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ወደ ቀይ ሕዋስ የሚገባው ዳፊን እንደ በር አድርጎ ነው። በሩ የሌለው ሰው በዚያ ወባ አይያዝም ማለት ይቻል ነበር። ስለዚህ ፊደሏ ከአባቶች የተወረሰች ጋሻ ናት። በኢትዮጵያ ግን ሕዝቡ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ዳፊ ያላቸውም የሌላቸውም ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ቫይቫክስም በአገሩ ከፋልሲፓረም ቀጥሎ ሁለተኛው የወባ ዓይነት ሆኖ ቆይቷል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዳፊ በሌላቸው ኢትዮጵያውያን ላይም ቫይቫክስ ተገኝቷል። ጋሻው ቀዳዳ አለው ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚገድለው ፋልሲፓረም ደግሞ ከመጀመሪያውም በዚህ በር አይጠቀምም። ስለዚህ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ጎንደር ስትሄዱ «የእኛን ደም ወባ አይደፍረውም» አትበሉ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ስለ ወባ መከላከያ ክኒን ሐኪማችሁን ጠይቁ። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ስለሚችል ከመጣችሁ በኋላ ትኩሳት ቢይዛችሁ «ከኢትዮጵያ ነው የመጣሁት» ብላችሁ ለሐኪሙ መናገር አትርሱ።

የእኔም ወረቀት

ይህን የምጽፈው ከመጻሕፍት ብቻ አይደለም። በሃያ ዓመቴ፣ ኮሌጅ ልገባ ስል፣ የእኔም ወረቀት ያው ምልክት ነበረበት። አንድ ሐኪም አየኝና ሌላ ዘንድ ላከኝ፤ ሁለተኛው ምርመራውን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ፤ ከዚያም መቅኔ በመርፌ ስለ መውሰድ መነጋገር ተጀመረ። ማንም ምን እንደጠረጠረ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም፤ በቤታችን ሐኪም መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበርና። እናቴ በዚያ ሰሞን ሰንበት ሲገባ እንኳ ፊቷ አልፈታ ይል ነበር።

በመጨረሻ ደሜን የቀዳችልኝ ዕድሜዋ የገፋ ነርስ ወረቀቱን አየችና ሳቀች። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እኔ የመናዊት ነኝ፤ የእኔም፣ የእኅቶቼም እንዲሁ ነው። አምስት ልጆች ወልጄ አሳድጌያለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ያየኝ ሐኪም ጉዳዩን በፋይሌ ላይ ጻፈልኝ፤ እስከ ዛሬም ዳግመኛ መቅኔ ይወሰድ ያለ የለም። ያን ቃል ከመጀመሪያው ሐኪም ሰምቼው ቢሆን ኖሮ እናቴ ያን ሁሉ ሌሊት ባላነባች ነበር።

ቁጥሩ ጥፋት የሚያመጣው ሰው ሳይረዳው ሲቀር ነው። ሕፃናት ያለ አስፈላጊው ከመቅኔ መርፌ ይደርሳሉ። በካንሰር የታመመ ሰው «ነጭ ደምህ ዝቅተኛ ነው» ተብሎ መድኃኒቱ ሊዘገይበት ወይም ሊቀነስበት ይችላል። ክሎዛፒን የሚባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒትም የነጭ ሕዋስ ቁጥር እየታየ የሚሰጥ በመሆኑ፣ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ሲከለከሉ ኖረዋል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለዚህ መድኃኒት በ2015 መመሪያውን ሲያሻሽል፣ እንደኛ ዓይነት ደም ላላቸው የተለየ፣ ዝቅ ያለ ልክ አስቀምጧል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህም አንዳንድ ሐኪሞች ሁኔታውን በዘር ስም መጥራት ትተው «ከዳፊ ጋር የተያያዘ የኔውትሮፊል ቁጥር» ማለት ጀምረዋል። ጤነኛን ሰው በዘሩ ምክንያት በሽተኛ የሚያስመስል ስም ተገቢ አይደለም የሚል ነው ምክንያታቸው።

ከአራቱ ልጆቼ ይህኛው ብቻ ለምን?

እናትየዋ ይህን ጠይቃኛለች። ይህች ፊደል ቁጥሩን የምታሳንሰው ከእናትም ከአባትም ስትወረስ ነው። ከአንዱ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ እንደ ሌላው ሰው ነው። እናትና አባት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቢኖራቸው እያንዳንዱ ልጅ ሁለቱንም የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ስለዚህ ወንድማማቾች ሊለያዩ ይችላሉ። ማንም ወላጅ ያጠፋው ነገር የለም። በምግብም፣ በጡት ወተትም፣ በሰው ዓይንም የመጣ አይደለም። ከልጅ ወደ ልጅ አይተላለፍም፤ ከጋን የሚያስቀር ምክንያትም የለም።

ምን ማድረግ ይገባል?

እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሳችሁ የሚከተሉትን አድርጉ።

1ኛ. ወረቀቱን ልጆች እንዲተረጉሙላችሁ አታድርጉ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የወንድሟን ሕመም ተሸክማ ማደር የለባትም፤ ስትሳሳትም ጥፋቱ የእሷ አይደለም። በክሊኒኩ አማርኛ የሚናገር አስተርጓሚ ወይም ሜጋሼሬት ካለች ጠይቁ። በጤና ሚኒስቴር በ2011 የወጣውና ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው መመሪያ የጤና ተቋማት በቋንቋ ረገድ አገልግሎቱን እንዲያመቻቹ ያዛል። የሚኒስቴሩ የስልክ መስመር ኮል ሃብሪኡት *5400 ነው።

2ኛ. ሐኪሙን ጠይቁ። በ1996 የወጣው የሕሙማን መብት ሕግ ሐኪም የሚያደርገውን በሚገባችሁ መንገድ እንዲያስረዳችሁ ያስገድደዋል። መጠየቅ ድፍረት አይደለም። «የኔውትሮፊሉ ቁጥር ስንት ነው? ሌሎቹ ቁጥሮችስ ደኅና ናቸው? ከዳፊ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላልን? የዳፊ የደም ዓይነት ምርመራ ይጠቅማልን?» በሉ። መታየት ያለበት በፐርሰንት የተጻፈው ሳይሆን በብዛት የተጻፈው ነው።

3ኛ. ምርመራው በተለያየ ጊዜ እንዲደገም ሲባል እሺ በሉ። ጉንፋንም፣ አንዳንድ መድኃኒትም ለጊዜው ቁጥሩን ሊያሳንስ ይችላል። ሐኪሙ «ይህ የተፈጥሮው ነው» የሚለው ቁጥሩ በተደጋጋሚ ተመሳሳይ ሲሆን፣ ቀዩ ሕዋስና ደም የሚያረጋው ሕዋስ ደኅና ሲሆኑ፣ ልጁም ደጋግሞ የማይታመም ሲሆን ነው።

4ኛ. ወደ ደም ሐኪም ከተላካችሁ ቀጠሮውን አታሳልፉ። ከቂርያት ጋት ወደ አሽቀሎን፣ ወደ ቤርሼቫ ወይም ወደ ረሖቮት መሄድ እንደሚያደክም አውቃለሁ። ነገር ግን አንድ ጊዜ ሄዶ መጨረስ ለዓመታት ከመጨነቅ ይሻላል። የቆዩ የምርመራ ወረቀቶችን ሁሉ፣ ካለም ከኢትዮጵያ የመጣውን፣ ይዛችሁ ሂዱ።

5ኛ. ውሳኔው በፋይሉ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ አንድ ቅጂም እቤት አስቀምጡ። እንዲህ ከሆነ ልጁ ነገ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ወይም ለቀዶ ሕክምና ሲዘጋጅ ነገሩ እንደገና ከመጀመሪያው አይጀመርም።

6ኛ. ይህን ሁሉ ስል ግን «ደማችን እንዲህ ነው» ብላችሁ ሁሉንም ነገር እንድትተዉ አይደለም። ከቤተ እስራኤል የተወለደ ሰው ሁሉ ይህ የለውም፤ ዝቅ ያለ ቁጥር ሁሉም ከዳፊ አይመጣም። ቁጥሩ ከ1000 በታች ከወረደ ሐኪም በጥንቃቄ ይመርምረው፤ ከ500 በታች ከሆነ ደግሞ ከባድ ነው፤ በጥድፊያ መታየት አለበት። አፍ ውስጥ የሚመላለስ ቁስል፣ ተደጋጋሚ የሳንባ ወይም የቆዳ ሕመም፣ ክብደት መቀነስ፣ በቀላሉ መድማት ወይም የማይለቅ ትኩሳት ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ትኩሳት የያዘውን ሕፃን «የተፈጥሮው ነው ተብሏል» ብሎ እቤት ማስተኛት ትልቅ ስሕተት ነው።

ስለ ሥራ የሚጠይቁኝም አሉ። በ2000 የወጣው የዘር መረጃ ሕግ አሠሪ ሠራተኛውን የጂን ምርመራ እንዲያደርግ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ስለዚህ ይህ ነገር እንጀራ ያሳጣናል ብላችሁ ምርመራ አትሽሹ።

የአያትየው ጥያቄ

አሁን ወደ አባታችን ጥያቄ ልመለስ። አዲስ የገባችሁ ቤተሰቦች ላታውቁት ትችላላችሁና ላስታውስ። በጥር 1996 ማዓሪቭ ጋዜጣ፣ ቤተ እስራኤል በቅን ልብ የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ይጣል እንደነበር ጻፈ። ጥር 28 ቀን በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጥተው ጮኹ። መንግሥትም ነገሩን የሚያጣራ፣ በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይጽሐቅ ናቮን የሚመራ ኮሚሽን አቋቋመ። ከዚያ ቀደም ብለው የገቡ አባቶችና እናቶች «ደም» የሚል ወረቀት ሲያዩ ልባቸው የሚደነግጠው ስለዚህ ነው። አያትየው ቀደም ብለው የገቡ ናቸው፤ ልጃቸውን ከእነ ቤተሰቡ ሲጠብቁ ነው የኖሩት። ፍርሃታቸው ካለማወቅ የመጣ አይደለም፤ ካዩት የመጣ ነው።

ስለዚህ ዝም ብዬ «አይፍሩ» አላልኳቸውም። አጠገባቸው ተቀምጬ ያችን አንዲት ፊደል፣ «ክፈት» እና «ክፈል» የሚለውን፣ በወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው። አንድ ነገርም ጨመርኩላቸው፦ እንደ ዚያ እንግሊዛዊ ሰውነታቸው ዳፊን እንደ ባዕድ የሚዋጋባቸው ሕሙማን ዛሬም አሉ። ለእነዚህ ሰዎች የሚስማማው ዳፊ የሌለበት ደም ነው። ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ደም ፈልገው ነው የሚያገኙት። እሳቸውም ወረቀቱን አንስተው ጥቂት ካዩ በኋላ «ታዲያ ይህን ያኔ ማን ነገረን?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ልጁ በማግሥቱ ወደ ጋኑ ተመለሰ። ከሁለት ወር በኋላ የደም ሐኪም አይቶት ጤነኛ መሆኑን ጽፎ ሰጥቶታል። ታላቅ እህቱም «ጌን» እና «ጋን» እንዴት እንደሚለያዩ ለክፍሏ ልጆች አስረድታለች ብለውኛል።

በዚህ ዕትም በዕብራይስጡ ገጽ ላይ ለሐኪም የሚሆን አጭር ማስታወሻ አትመናል። በውስጡ «ቤተሰባችን ከኢትዮጵያ የመጣ ነው፤ የኔውትሮፊሉ ዝቅተኛነት ከዳፊ ጋር የተያያዘ መሆኑን እንዲያዩልን፣ ውጤቱንም በአስተርጓሚ እንዲያስረዱን እንጠይቃለን» የሚል አለ። ቆርጣችሁ ከኩፓት ሆሊም ካርዳችሁ ጋር ያዙት። ወረቀት ደርሷችሁ ያልገባችሁ ካለም ወደ ቢሮዬ ብቅ በሉ፤ አብረን እናነበዋለን።

በሚቀጥለው ዕትም በትምህርት ቤት ስለሚደረግ የወላጆች ስብሰባ እንነጋገራለን። እስከዚያው ጤናና ሰላም ለየቤታችሁ ይስጥልኝ።